ቅብ ቅጂ

ከደረሰኝ መልእክት ላይ አዲስ የስልክ ቁጥር በማውስ ሰሌክት አደረግኩ። ወደ ጽሑፌ ተመልሼ አሮጌውን ቁጥር በአዲሱ ልተካ ብዬ እሱንም ሰሌክት አደረግኩት፤ ከዚያ የማውሱን መካከለኛ ቁልፍ ተጫንኩ። አዲሱ የለም። አሮጌው ቁጥር ሁለት ሆኖ ቁጭ አለ። እንደገና ሞከርኩ፣ ሦስት ሆነ።

ማሽኑ አልተበላሸም፤ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው፣ ማዘዜን ነው እኔ ያላወቅኩት። ሊኑክስ ላይ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ኤክስ የተባለው የመስኮት ሥርዓት (እ.ኤ.አ. በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ ተጀምሮ በ1987 ዛሬም ወደሚሠራበት 11ኛ ቅጹ የደረሰ) ለመቅዳት ሁለት መንገድ አለው። አንዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ኮንትሮል ሲ ስንጫን ጽሑፉ ቅንጥብ ሰሌዳ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ግን ምንም ቁልፍ አይፈልግም። በማውስ ጎትቶ ሰሌክት ማድረግ ብቻውን መቅዳት ነው፤ መካከለኛው ቁልፍ ይለጥፈዋል። ይህን የእንግሊዝኛ ሰነዶች ፕራይመሪ ሴሌክሽን ይሉታል።

አሠራሩ ደስ ይላል። ሰሌክት የተደረገበት ፕሮግራም ጽሑፉን የትም አያስቀምጥም፤ «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብሎ ያስመዘግብና ሌላው ሲጠይቀው ያቀብላል። ባለቤት ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እጅ ስቶ ሁለት ፊደል ቢነካ፣ ወይም አንድ ቃል ላይ ሁለቴ ክሊክ ቢደረግ፣ በጥንቃቄ የተያዘው ሙሉ አንቀጽ ቦታውን ይለቃል። የኔ ስልክ ቁጥርም የተባረረው እንዲሁ ነው፤ ልተካው የነካሁት አሮጌው ቁጥር ራሱ ባለቤትነቱን ወሰደበት።

ፕራይመሪ ሴሌክሽንን በአማርኛ ምን እንበለው? ቃል በቃል «ቀዳሚ ምርጫ» ይሆናል፤ ይህ ግን የምርጫ ቦርድ ጉዳይ ያስመስለዋል። በዚያ ላይ ለአብዛኛው ሰው ቀዳሚው ቅንጥብ ሰሌዳው ነው። እኔ «ቅብ ቅጂ» እላለሁ። ሰሌክት የተደረገ ጽሑፍ ቀለም ይቀባል፤ የተቀባው ሁሉ ደግሞ ተቀድቷል። ቅብ የሚለው ቃል የወርቅ ቅብን፣ ማለትም እውነተኛ ያልሆነውን ያስታውሳል የሚል ካለ፣ ያስታውስ፤ ይህም ቅጂ በቀላሉ ይለቃል። «ቅብ ቅጂዬ ጠፋ»፣ «ከቅብ ቅጂ ለጥፈው» ሲባል ለጆሮም አይከብድም።

ሁለቱን ቅጂዎች ለይቶ መጥራት እንደ ቪምና ኢማክስ ካሉ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ጋር ለመግባባትም ይረዳል። ቪም ቅብ ቅጂን በኮከብ ምልክት፣ ቅንጥብ ሰሌዳን በመደመር ምልክት ይጠራል። ኢማክስ በበኩሉ እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በማውስ የተጎተተውን ሁሉ የቆየ ቁርጥራጭ ወደሚያጠራቅምበት ቋትም ያስገባ ነበር፤ በ24ኛው እትሙ ይህን ልማድ ተወ። ትክክል አደረገ። የባሰው ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ተርሚናል ላይ ነው፦ የማውሱን መንኮራኩር ላሽከርክር ያለ ጣት መካከለኛውን ቁልፍ ከነካ፣ በአንዳንዱ ተርሚናል የተለጠፈው መስመር ወዲያው እንደ ትእዛዝ ሊፈጸም ይችላል።

ስልክ ቁጥሩን በመጨረሻ የተካሁት አዲሱን በኮንትሮል ሲ ቀድቼ፣ ሦስቱን አሮጌዎች አንድ ላይ ሰሌክት አድርጌ፣ ኮንትሮል ቪ ተጭኜ ነው።