የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከሐዲዱ ጋር ከመቆርቆሯ በፊት የጦር መሣሪያ ወደ ሸዋ ይጓዝ የነበረው ከታጁራ በግመል ቅፍለት ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1885 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ንግዱን አልሸሸገም፤ ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ 40 ዓመት ያለፈው ጠመንጃ በአውሮፓ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ተገዝቶ ለሸዋው ንጉሥ በ40 ፍራንክ ይሸጣል።

እኛም ይህን አንብበን “ምኒልክ ተታለሉ” ለማለት እንቸኩላለን። ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ከኋላው የሚጎርሰው ሬሚንግተን በታወቀበት ዘመን፣ ከአፈሙዙ የሚጎርስ መሣሪያ ጠጋኝ ቢያድሰው እንኳ ያው ከአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 እንጦጦ ሲደርስ ንጉሡ ዋጋውን ሰበሩበት፤ የሟች ሽርካውን የላባቱን ዕዳ ቀነሱበት፤ ቀሪውንም ሐረር ሄደህ ከመኮንን ተቀበል ብለው አሰናበቱት። ነጋዴው ከሰርኩ እያለ ጻፈ።