የሞተር ሳይክሉን ወንበር ከመቅደዳችሁ በፊት

ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ወር ሳይሞላው ከፋብሪካ የመጣውን ወንበር መርገም ይጀምራል። ከዚያ ምላጭ ይዞ ስፖንጁን መከርከም! ቆይ ግን፣ ወንበሩ እንዲህ ሆኖ የተሠራው ለምንድን ነው? መልሱን የምናገኘው ከኋላው ጎማ ታሪክ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)።

የመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎች ሞተር የተገጠመላቸው ብስክሌቶች ነበሩ። ኮርቻቸውም የብስክሌት ነው፤ የእንግሊዙ የበርሚንግሃም ፋብሪካ ብሩክስ የሚሠራው ዓይነት፣ የተወጠረ ቆዳ ከሥሩ ሞላ ያለው። የኋላው ጎማ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር ስለታሰረ ጉድጓድ ሲመጣ ማሽኑ እንዳለ ይዘላል። ነጂውን ከመንጠር የሚያድነው ያ ሞላ ብቻ ነው። ሃርሊ ዴቪድሰን በ1912 ሞላውን ከኮርቻው ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ከተተው። ትልልቆቹ ሃርሊዎች የኋላ አሞርዛተር ያገኙት ግን በ1958 ነው። 46 ዓመት ሙሉ አሞርዛተሩ ወንበሩ ራሱ ነበር ማለት ነው!

እንግሊዞቹ በዚህ ቀደሟቸው። የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈውና ኖርተን በ1950 ለውድድር ያሰለፈው ሻንሲ የኋላውን ጎማ በሚወዛወዝ ክንድና በሁለት አሞርዛተር ያዘው። ተወዳዳሪው ሃሮልድ ዳንኤል ከላባ ፍራሽ ጋር አመሳስሎት ስለነበር ስሙ በዚያው ‹ፌዘርቤድ› ሆኖ ቀረ። ሞላው ወደ ጎማው ከወረደ ደግሞ ወንበሩ ሥር ምን ይሠራል? ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ወንበር መስፋት ተቻለ። የዛሬውም የዚያ ዘር ነው፦ ከታች የፕላስቲክ (ድሮ የቆርቆሮ) መደብ፣ በላዩ ስፖንጅ፣ ከላይ ሰው ሠራሽ ቆዳ።

በእኔ እምነት ይህ ወንበር የሚነደፈው ለመሸጫ ሱቁ ነው። ገዢው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ «ይመቻል» ካለ አለቀ። ለስላሳ ስፖንጅ ግን ረጅም መንገድ ላይ እየተደፈጠጠ ይሄድና ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ከደረቁ መደብ ጋር ይገናኛሉ።

በ1950ዎቹና 60ዎቹ ለንደን ኤይስ ካፌ ደጃፍ የሚሰበሰቡ ወጣቶች ረጅሙን ወንበር ነቅለው ከኋላው ጉብ ያለ የአንድ ሰው ወንበር ይገጥሙ ነበር። ጉብታው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሞተሩ ሲፈተለክ ነጂው ወደኋላ እንዳይንሸራተት ይደግፈዋል። ስለ ምቾቱ ግን አትጠይቁኝ። አሜሪካዊው ማይክ ኮርቢን በ1968 የጀመረው የወንበር ሥራ ደግሞ ስም ያተረፈው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በጠንካራ ስፖንጅ ነው። ጠንካራና ሰፊ ሲሆን ክብደቱን ያከፋፍለዋል።

አጭር ሰው እግሩ መሬት እንዲደርስ ወንበሩን ቢያስከረክም አይፈረድበትም፤ መብራት ላይ በቆሙ ቁጥር መንገዳገድ አደጋ ነው። ነገር ግን ከከፍታው የምትቀነሰው እያንዳንዷ ሴንቲሜትር ወንበሩን ወደ እግር መርገጫው ታቀርበዋለች፣ ጉልበትም ይበልጥ ይታጠፋል። ብዙ ጊዜ እግርን የሚያሳጥረው የወንበሩ ስፋት ስለሆነ መጀመሪያ የሚከረከመው ጭን የሚያርፍበት የፊተኛው ጠርዝ ነው። አጥንቶቹ የሚያርፉበት ላይ ምላጩን አለማሳረፍ ነው።