አዋሽን ማን ተሻገረልን?

ወንድሞችና እህቶች፣ ለዓርቡ ጥናት ኢያሱ ምዕራፍ 4ን አንብባችሁ ኑ። እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ፣ ልጆቻቸው እንዳይረሱ 12 ድንጋይ አቆሙ።

እኛም አዋሽ አለን። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ወደ አዲስ አበባ ሲሸሽ የአዋሽን ድልድዮች አፈረሰ። የእንግሊዝ ጦር ግን ወንዙን ተሻግሮ መጋቢት 28 ከተማዋን ያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ገቡ። አርበኞቻችንን በየዓመቱ እናስባለን፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን አዋሽን ከተሻገሩት መካከል የኬንያና የሌላም አገር አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። እነሱ ራሳቸው ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ፤ ኬንያ ነፃ የወጣችው በ1956 ዓ.ም. ነው።

ፈርዋኒያም ሆነ ሳልሚያ አብራችሁ የምትሠራ ኬንያዊት ካለች ይህን ንገሯት።

የመወያያ ጥያቄ፦ ለእነዚህ ሰዎች እኛ ምን ድንጋይ አቆምን?