የልጅ ልጅ በቦርሳው ምን ይዞ ይሄዳል? የተማሪዎች ምግብና እንቅስቃሴ

በእስራኤል የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ጠዋት ከቤት ሲወጣ «አሩሐት ኤሴር» ይዞ ይወጣል። የአስር ሰዓት ምግብ ማለት ነው፤ በአገር ቤት አቆጣጠር ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቶች የሚመክሩት ከሙሉ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ በአይብ፣ በእንቁላል ወይም በሑሙስ፣ ከጎኑ ኪያር ወይም ቲማቲም፣ አንድ ፍራፍሬና ውኃ ነው። ውኃ ሲባል ውኃ ብቻ ነው፤ ፔትልም የታሸገ ጭማቂም አይተካውም።

ሕግም አለ። በ2005 የወጣው ሕግ ረጅም የትምህርት ቀን ባላቸው ትምህርት ቤቶችና ጋኖች ለሚማሩ ልጆች በቀን አንድ ምግብ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በ2014 የወጣው ደግሞ በትምህርት ቤት የሚቀርበውና የሚሸጠው ምግብ ቁጥጥር እንዲደረግበት ያዛል። በትምህርት ቤት ኪዮስክ ከረሜላና ጣፋጭ መጠጥ እንዳይሸጥ የተከለከለው ለዚህ ነው። የሕጉ ጉልበት ግን እስከ ግቢው በር ድረስ ነው። ከበሩ ውጭ ማኮሌት አለ፣ ቀጥሎም የአያት ቤት።

ልጁን ከሰዓት በኋላ የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ አያቶች ናቸው። ረሀብን በዓይኑ ያየ ሰው ልጅን «ብላ፣ ጠጣ» ማለቱ ፍቅር ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። የተለወጠው የሚሰጠው ነገር ነው። አንድ ጣሳ ኮላ፣ 330 ሚሊ ሊትር፣ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ለልጅ የሚሰጥ አያት ግን የለም። ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ጎጂ ስብ በበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ቀይ ክብ ምልክት ይታያል። ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚቸግረው ሰው ትልቅ እርዳታ ነው፤ ቀለሙን ማየት ይበቃል።

ጉዳዩ ለማኅበረሰቡ ቀላል አይደለም። በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከገቡት መካከል የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን በሽታው እየበዛ መጣ፤ ሐኪሞችም ይህን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲመዘግቡት ቆይተዋል። ሰዉ ያው ነው፤ ምግቡና አዋዋሉ ተለወጠ።

የድሮው ገበታ ትምህርት ቤቱ ከሚመክረው ብዙም አይርቅም። ጤፍ ከደቃቅነቷ የተነሳ ከነቆዳዋ ስለምትፈጭ እንጀራዋ ሙሉ እህል ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንም እንደዚሁ የሚመሰገኑ ናቸው፤ ዘይቱ ካልበዛ። ነጭ ዱቄት የበዛበት እንጀራ ግን መልኩ እንጀራ ቢሆንም ለሆድ ነጭ ዳቦ ነው። ብዙ ልጆች እንጀራ ወደ ክፍል መውሰድ ያፍራሉ፤ በግድ ከማስያዝ ማታ በቤት አብሮ መብላት ይሻላል። ቆሎም ከቺፕስ ይመረጣል። ሆኖም ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ሊያንቀው ይችላል። ኦቾሎኒ ከተቀላቀለበት ደግሞ መምህሯን ሳይጠይቁ ወደ ክፍል መላክ አይገባም፤ ኦቾሎኒ ለሕይወቱ የሚያሰጋው ልጅ በዚያ ክፍል ሊኖር ይችላል።

ስለ እንቅስቃሴ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ ነው። በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጠው የስፖርት ትምህርት ይህን አይሞላም። በጎንደር ገጠር ከብት የሚጠብቅና ውኃ የሚቀዳ ልጅ ስፖርት ሠራ ተብሎ አያውቅም፤ ሲሮጥ ይመሽ ነበር። ዛሬ በማትናስ የሚሰጠው ሑግ ገንዘብ ይጠይቃል፣ በእግር መሄድ ግን በነፃ ነው። ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያመጡ አያት በአውቶቡስ ከሆነ ሁለት ፌርማታ ቀድመው ቢወርዱ፣ በበጋም ፀሐይ እስኪበርድ ጠብቀው ወደ መናፈሻ ቢወስዱት፣ የኩፓት ሆሊም ሐኪም ለራሳቸው ያዘዘላቸውን የእግር ጉዞም በዚያው ያደርሳሉ።