ሐዲዱ ሲቆረጥ መጀመሪያ የምትሰማው መጋላ ናት

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ግን ወጪውን አናረው፤ መስመሩም በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ በደቻቱ አንድ ወገን የባቡር ኩባንያው ሰፈር ከዚራ፣ በሌላው ወገን የነጋዴው ሰፈር መጋላ አደጉ።

መስመሩን መጀመሪያ ያቆመው ጎርፍም ሽፍታም አልነበረም፤ ፖለቲካ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ውስጥ እጁን ሲያስገባ ምኒልክ ሉዓላዊነታቸው እንደተነካ ቆጠሩት። እንግሊዝና ጣሊያንም ነገሩን በዓይነ ቁራኛ ያዩት ነበር። ኩባንያው ከሰረ፤ ሐዲዱም ለዓመታት ከድሬዳዋ ብዙም ሳይርቅ ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ምት በ1969 ዓ.ም. መጣ። በኦጋዴን ጦርነት ድልድዮች ፈነዱ፤ ባቡሩም ለወራት ቆመ። ያኔ አገሪቱ አሰብ ነበራት። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ግን አብዛኛው የገቢና ወጪ ንግድ በጅቡቲ በኩል ብቻ ያልፋል።

ዛሬ በዚህ ኮሪደር ላይ ብዙ ነገር ተደራርቧል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከድሬዳዋ የሚነሳ የኤሌክትሪክ መስመር ለጅቡቲ ኃይል ይልካል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በቻይና ብድር የተሠራው አዲሱ ባቡርም የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። የድሮው ባቡር ሐዲዱ ካልተነካ ይሄዳል፤ የአሁኑ ሐዲዱ ደኅና ሆኖ እንኳ መብራት ሲጠፋ ይቆማል።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መንገዱንም ሐዲዱንም የዘጋው የውጭ ጦር አልነበረም። በገርባ ኢሳ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ የአካባቢው ወጣቶች ናቸው። አገር ቁጣቸውን የሰማው ሸቀጡ ሲቆም ነው።

የዚህ ሁሉ ትምህርት አንድ ነው። የድሮው ባቡር በኤረር፣ በአይሻ፣ በደወሌ ይቆም ነበር፤ በየጣቢያው የሚገበያይ ሰው ነበረው። አዲሱ ግን የድሬዳዋን ጣቢያ እንኳ ከከተማው አውጥቶታል። ሐዲድን በወታደር ብቻ ጠብቆ መዝለቅ አይቻልም፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና በየሜትሩ ዘብ አይቆምለትም። አጠገቡ የሚኖረው አርብቶ አደርና የመጋላው ነጋዴ ከሚያልፈው ጭነት ድርሻ ሲኖራቸው ግን መስመሩ ያለ ደመወዝ የሚጠብቀው ሰው ያገኛል። ባቡሩ አቧራውን ብቻ ትቶለት ለሚያልፈው ሰው፣ ሐዲድ ማለት ድምፁን የሚያሰማበት ብረት ብቻ ነው።