ከእሾህ አጥር ወደ ኮረንቲ አጥር

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፥ ባለመጋዘኖችና ባለሱቆች ንብረታቸውን ለመጠበቅ በግንብ ላይ የሚዘረጉት የኤሌክትሪክ አጥር በአገራችን ሕግ በምን ሊዳኝ እንደሚችል ከታሪኩ ተነሥቶ መመርመር ነው።

በሽንዲና በአካባቢው ገጠር የቆየው አጥር እሾህ፥ ቍልቋል ወይም የባሕር ዛፍ አጣና ነው። እንዲህ ያለው አጥር ሌባንም ከብትንም ይከለክላል እንጂ አይገድልም። በገዛ ቦታው አደጋ የሚያኖር ሰው ኀላፊ መሆኑ ግን ለእኛ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21፥ ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን እንዲከፍል ታዟል።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890 ዓ. ም. ገደማ፥ ለቤተ መንግሥት መብራት ነበር። ኀይሉ ወደ ከተሞች ሲስፋፋ አደጋውም አብሮ ስለ መጣ፥ በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069 አዲሱን ጕድጓድ ዐሰበበት። ከፍተኛ ኀይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት ሌላውን ከተለመደው በላይ ለሆነ አደጋ የሚያጋልጥ ሰው፥ ጕዳቱ ሲደርስ ኀላፊ ነው። የመንግሥት ፈቃድ አለኝ ማለትም አያድነውም። ሕጉ የጠቀሰው መስመርን እንጂ አጥርን አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ለሁለቱም አንድ ይመስለኛል።

ከዚህ ላይ አጥሩን ከአጥር መለየት ያስፈልጋል። በሚገባ የተሠራው አጥር በልዩ መሣሪያ አማካይነት በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል እጅግ አጭር ምት ይልካል፤ የነካው ሰው ደንግጦ ይለቃል። ሽቦውን ከ220 ቮልት የቤት መስመር ጋር በቀጥታ ያገናኘ ሰው ግን የሠራው የሞት ወጥመድ ነው፤ ጡንቻ ስለሚኰማተር የያዘ እጅ ላይለቅ ይችላል። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግም መከላከል ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ያዛል። አንድ ኩንታል በቆሎና የሰው ነፍስ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ደግሞም ሽቦው ሌባውን ኳሱን ተከትሎ ግንብ ከሚወጣ ሕፃን አይለይም።

ካሣ የሚከፈለው ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ መከላከል የማዘጋጃ ቤት ተግባር ነው። በ2001 ዓ. ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 በከተማ የሚሠራ ሰው ከሕንጻ ሹም ፈቃድ እንዲያገኝ በማዘዙ መንገዱን ከፍቷል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበቃል፤ ምት ሰጪው መሣሪያ እንዲመረመር፥ ሽቦው ከሕፃን እጅ በላይ እንዲሆን፥ ፊደል ያልቈጠረም እንዲያስተውለው በሥዕል የተደገፈ ማስጠንቀቂያ እንዲሰቀል። ኦሪት ባለጕድጓዱን ክደን እንዳለው፥ የዛሬውም ሹም ባለሽቦውን አስቀድሞ ሊያዘው ይገባል።