ምሳ ከሚሴ፤ ስለ አንድ መንገድና ስለ ማዕዱ

አንባቢ ሆይ፣ ታሪክ እንጽፋለን ብለን ተነሥተን ስለ ምሳ ብንጀምር አትሣቅብን። ነገሩ የተነሣው ከሆድ ነው። ባንድ የሁለተኛ ሴሚስተር ቅዳሜ፣ ከቤተ መጻሕፍት አቧራ ለመገላገል ያህል፣ አራት ጓደኛሞች ከደሴ ተነሥተን ወደ ከሚሴ ወረድን። ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻንና ሐርቡን አልፎ ከቦርከና ወንዝ ጋር ወደ ቆላው የሚዘልቀው ያው የአዲስ አበባ መንገድ። ሐሳባችን ቅዳሜን ከሚሴ ውለን አድረን፣ እሑድ ጠዋት ወደ ሰንበቴ ገበያ ወርደን፣ ማታ ደሴ ለመግባት ነበር። ከአራታችን ሁለታችን ሙስሊም፣ ሁለታችን ክርስቲያን፤ አራታችንም ርቦናል፤ የአራታችንም ኪስ ቀጭን ነው። እንግዲህ ጥሩ ምግብ ቤት ፈልጉ!

የመጀመሪያው ስሕተታችን አገር አቋራጭ አውቶቡሶች ወደተደረደሩበት ቤት ሰተት ብለን መግባታችን ነው። «መኪና የቆመበት ምግብ ጥሩ ነው» ሲባል ሰምተናላ! የመጣልን ጥብስ ግን ጥብስ ነኝ ይበል እንጂ ጠፍር ነበር፤ ዋጋው ደሞ የደሴን እጥፍ። ቤቱን በስም አንጠራም፤ ጥፋቱም የሱ ብቻ አይደለም። በረዥም መንገድ ጉዞ፣ ሹፌርና ረዳት በላተኛ ይዘውለት የመጡት ቤት ገንዘብ እንደማይቀበላቸው የማያውቅ የለም። ስለዚህ አውቶቡሱ የሚቆመው ወጡ በጣፈጠበት ደጅ ሳይሆን ምሳው ለሹፌሩ በነፃ በሆነበት ደጅ ነው፤ የሱን ሒሳብ የምንከፍለው እኛ ነን። ተሳፋሪውስ ቢሆን በሠላሳ ደቂቃ በልቶ የሚሄድ፣ ተመልሶ የማይመጣ ሰው አይደል? ለማይመለስ ሰው ማን ሽንኩርት ያቁላላል!

እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ጥርሳችንን በስንጥር እየጎረጎርን ሳለን ክርክር ተነሣ። ለመሆኑ በዚህ መንገድ ላይ እንጀራ በገንዘብ መሸጥ የጀመረው መቼ ነው? ከዚያ በፊት መንገደኛ የት ይበላ ነበር? ያን ቀን መልስ አልነበረንም። ደሴ ተመልሰን መጻሕፍት ካገላበጥን በኋላ ያገኘነውንና በእግራችን ያገኘነውን አደባልቀን ነው እዚህ የምንጽፈው።

የጥንቱ መንገደኛ ምግብ ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ቅቤ የጠጣ ጭኮ። ስንቁ ሲያልቅ ወይም ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብን እንግዶች ነን፣ አሳድሩን» ይላል። ባለቤቱ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ እንግዳን ከደጅ መመለስ ነውር ነው፤ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል። ሒሳብ የሚባል ነገር የለም። ሒሳቡ ነገ ባለቤቱ ራሱ መንገደኛ በሆነ ጊዜ በሌላ ሰው ደጅ ይወራረዳል።

ለንጉሥና ለመኳንንት እንግዳ ግን ሌላ ሥርዓት ነበረ፤ ድርጎ ይባላል። ገዢው «ለእንግዳዬ ይህን ያህል እንጀራ፣ ይህን ያህል ሙክት፣ ይህን ያህል ጠጅ» ብሎ ያዛል፤ የሚያወጣው ግን ገበሬው ነው። የውጭ አገር ተጓዦች «ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይ ነው» ብለው ሲጽፉ የበሉት ከማን ጎተራ እንደወጣ ልብ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1842 እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ ሲያልፍ፣ አዳራ ቢሌ የተባለ የወሎ ባላባት በመልካም ተቀበለው። መንገዱ አላስኬድ ብሎት ሲመለስ ግን ያው ደግ አስተናጋጅ አስሮ፣ ንብረቱን ዘርፎ ሰደደው። መስተንግዶ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ሲንጠለጠል እንዲህ ነው። ከጠፍር ጥብስ ጋር ስንታገል የነበርነው እኛ እንኳ ቢያንስ ልብሳችንን አልገፈፉንም።

በገንዘብ መብላት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲያቋቁሙ ችግሩ የባለሙያ ሳይሆን የበላተኛ እንደነበር ይተረካል። ጨዋ ሰው እንዴት እንጀራ ይገዛል? እንዴትስ በማያውቀው ሰው ፊት አፉን ይከፍታል? መኳንንቱን ለማለማመድ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መጋበዝ እንዳስፈለጋቸው የሚያወሩ አሉ።

ወደ እኛ መንገድ የምግብ ቤት ዘመን የመጣው ግን በጎማ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት አዲስ አበባን ከአስመራ የሚያገናኘውን መንገድ ሠራ፤ የጣርማ በርን ተራራ በስቶ ዋሻ አወጣ። መንገድ ሠሪ መብላት አለበት፣ ሹፌር ማደር አለበት። ፓስታው፣ ሳልሳው፣ ፉርኖው፣ ሉካንዳ የሚለው ቃል ሳይቀር በዚሁ ጎማ ተከትሎ ገባ። ጣሊያን ወጣ፤ ፓስታ ቀረ። ዛሬም በየመንገድ ዳሩ ከተማ ፓስታ በእንጀራ ተጠቅልሎ ሲጎረስ ያየ ሰው ማን ማንን እንዳሸነፈ ይፍረድ! ቀጥሎ የአሰብ ዘመን መጣ። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርዱ፣ ከአሰብ ጭነው ወደ መሐል አገር የሚወጡ ከባድ መኪናዎች፣ በ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ተነሥቶ በሩ እስኪዘጋ ድረስ፣ የዚህን አካባቢ መንገድ ዳር ቤቶች አበሉ ማለት ይቻላል።

ስለ መኪና የሰማነው አባባል መሠረቱ ይኸ ሳይሆን አይቀርም። አባባሉ እውነት ነው፤ የተሳሳትነው እኛ ነን። የጭነት መኪና ሹፌር ተሳፋሪ ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ከኪሱ ይከፍላል። በሳምንቱም ያው መንገድ ይመልሰዋል፤ ጠፍር ያበሉት እንደሆነ ሌላ ደጅ ይቆማል። እንግዲህ ወደዚህ የምትወርድ ጓደኛችን፣ የአውቶቡስ ሹፌር በነፃ የሚበላበትን ሳይሆን የጭነት መኪና ሹፌር ከፍሎ የሚበላበትን ፈልግ።

ያም ሆኖ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሥጋው የማን ነው? ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከዞኑ ሕዝብ ከመቶው ከዘጠና በላይ ሙስሊም ነው። ክርስቲያን ተጓዥ በሩ ላይ መስቀል የተሳለበትን ሥጋ ቤት እየፈለገ ይዞራል። ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በወሎ ታሪክ ግን ትንሽ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አጤ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊሞች ተጠመቁ ባሉ ጊዜ፣ ሰውየው መለወጡ የሚታወቀው ክርስቲያን ያረደውን በመብላቱ ነበር። እምነት የተፈተነው በጉሮሮ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር «አልበላም» ማለት ንቀት አይደለም፤ የበላም ያልበላም አያት ያለው ሕዝብ ነው። ወሎዬ ደሞ መፍትሔውን ከቤተ መንግሥት ሳይጠብቅ ራሱ አበጀ። በሠርግና በተዝካር ሁለት ከብት ያሳርዳል፣ አንዱን በሙስሊም አንዱን በክርስቲያን እጅ፤ ወጡ በሁለት ድስት፣ ጨዋታው ግን ባንድ ዳስ።

እኛ ሁለት ከብት ለማሳረድ አቅሙ ስለሌለን ማታ ሌላ ዘዴ ፈለግን። ምልክት ማንበብ ትተን ሰው ጠየቅን። ያውም ምግብ የሚሸጥ ሰው ሳይሆን፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ቡና የምታፈላ እናት። ገና ስታየን «ኮታ ቡና ዹጋ» ብላ በኦሮምኛ ጠራችን፤ ሁለታችን ሳንገባው ስንቀር በአማርኛ ደገመችው፣ «ኑ ቡና ጠጡ ማለቴ ነው፣ የኔ ልጆች።» ስኳር ወይስ ጨው ብላ ጠየቀችን። እራት የት እንደሚገኝ ስንጠይቃት ወደ ጓሮዋ ዞራ ልጇን ተጣራች። ሰሌዳ የለ፣ ወንበር የለ፤ ሰሌን ላይ ተቀምጠን የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያ አንዳንድ ጣሳ ወተት። ከከተማዋ አጠገብ የተንጣለለው የጨፋ ረግረግ በበጋ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት የሚወርድበት ሣር ነው፤ የወተቱ ጣዕም ይህን ይናገራል። ሥጋ ስላልነበረበት አራታችንም ባንድ ገበታ በላን። ሒሳቡ ከቀኑ ጥብስ ግማሽ አልሞላም። (በረመዳን የሚሄድ ግን ቀን ላይ እንዲህ ያለ ዕድል አይጠብቅ። ጀምበር እስክትጠልቅ በሩ ዝግ ነው፤ ከመግሪብ በኋላ ሳምቡሳውና ሾርባው ወጥቶ መንገዱ በሙሉ ገበታ ይሆናል።)

በልተን ስንነሣ ከመካከላችን አንዱ የወደቀውን ፍርፋሪ በእጁ ጠረግ አድርጎ ወደ ደጅ ሊጥል ሲል ሴትዮዋ እጁን ያዘችው። ፍርፋሪውን አንድ በአንድ ለቀመችና ሣህን ላይ አኖረችው። «እኔ በሰባ ሰባት ባቲ ነበርኩ፣ ልጅ ሆኜ» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በ1977 ዓ.ም. ባቲ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ልጅ ያውቃል፤ ዘፋኝ በቅኝት የሚጠራት፣ ሰኞ ሰኞ ግመልና እህል የሚገናኙባት የገበያ ከተማ፣ በዚያ ዓመት ትልቅ የረኃብተኞች መጠለያ ሆና ነበር። ከዚያ በፊት ደሞ የ1965ና የ66 አለ። ያኔ ዝናብ የከዳው ገበሬ የወረደው ወደዚሁ መንገድ ነው። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ስለ ረኃብ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕዝቡ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ቆሞ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን እንደነበር ጽፏል። የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ይባስ ብሎ ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር፤ የገበሬው ምርት ስለጠፋ የሚገዛበት ገንዘብም አብሮ ጠፍቷል፣ እህል ደሞ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል።

ይህን ካነበብን በኋላ ያ የአውቶቡስ ማቆሚያ ቤት ሌላ ሆኖ ታየን። መኪና ያስቆሙት ሰዎች ያጡት መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ ላይ ቆመዋል። ወጥ የሚሸትበት ደጅም አላጡም ይሆናል። ያጡት የሚከፍሉት ነው። «የመሸብን እንግዶች ነን» ብለው የሚጠሩበት የገበሬ ቤትማ ራሱ ባዶ ነው፤ ባለቤቱም እነሱው ናቸው። የድሮው ሒሳብ በሌላ ደጅ የሚወራረደው ሌላው ደጅ ሲኖረው ብቻ ነበር። በዚያው በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያመጡት ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ሲታይ ተማሪው ምሳው እንዴት እንደወረደለት እንጃ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የጆናታን ዲምብልቢ የረኃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀላቅሎ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ።

የዚህ መንገድ ማዕድ ብዙ ጊዜ ተገልብጧል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ አስፋልቱ ራሱ ተሰነጠቀ። በሚያዝያ 2013 ከከሚሴ በስተደቡብ ያለችው አጣዬ ስትቃጠል የመንገደኛ ማረፊያዎቿም አብረው ነደዱ፤ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከሚሴን ራሷን ያዛት። ከእያንዳንዱ በኋላ መጀመሪያ የሚመለሰው ግን ረከቦት ይመስለናል፤ አንድ ጀበና፣ ጥቂት ሲኒ፣ ከጎኑ ቆሎ።

እሑድ ሰንበቴን አየን፤ ደገኛው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ የሚገናኙባት ገበያ ራሷን የቻለች ጽሑፍ ስለሆነች ለሌላ እትም ትቆየን። ስንመለስ የተሳፈርንበት አውቶቡስ ከሚሴ ደርሶ በዚያው በቅዳሜው ቤት ደጅ ቆመ። ረዳቱ «ሠላሳ ደቂቃ!» ብሎ ጮኸ። ወረድንና መንገዱን ተሻግረን ወደ ውስጥ ገባን። ሴትዮዋ አየችን፤ «ወይ ልጆቼን! ምሳው አልቋል» አለች። ቡና ጠጣን። በረካው ላይ ስንደርስ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ጠራን፤ ገንዘብ ስናወጣ የሁለቱን ብቻ ተቀብላ የሦስተኛውን መለሰችልን።